የጋሽ ያዝልኝ የእጅ ፍሬን

ሁለት እጅ የማይበቃው ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ፈጣሪ እንደማንኛውም ሰው ሁለት እጅ ሰጥቶታል፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ከብዙ ሰው እጅ የተሻለ ሥራ ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አንድ ይጎድለዋል፤ የሚጎድለውም እጅ ምንጊዜም በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው እጅ ነው። መሰላል ቢወጣ መሰላሉን፣ ሜትር ቢዘረጋ የሜትሩን ጫፍ፣ ምስማር ቢመታ ምስማሩን የሚይዝለት ሰው ይሻል። መዶሻው ሲስት የማን ጣት ላይ እንደሚያርፍ መቼም ግልጽ ነው።

ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለውን ሰው የምታውቀው በሩቁ አይደለም። የእህቷ ባል ነው። ሥራው ቧንቧ መዘርጋት ሲሆን፣ እውነተኛ ስሙ የቀረው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው። ሰፈሩ በሙሉ "ጋሽ ያዝልኝ" ይለዋል፤ ከአፉ ከማይጠፋው ቃል የተወሰደ ነው። "እስቲ ይቺን ለአንዲት ደቂቃ ያዝልኝ።" ለሴት "ያዢልኝ" ይላል፤ ለትልቅ ሰው "ይያዙልኝ" ይላል፤ ሥርዓት ያውቃል። የማያውቀው ደቂቃን ነው። በጋሽ ያዝልኝ አንዲት ደቂቃ ውስጥ ሻይ ይፈላል፣ የታጠበ ልብስ ይደርቃል፣ የእግር ኳስ ጨዋታ ከነእረፍቱ ያልቃል።

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር አንድ ቀን ሰላምታ ሊሰጡ ጎራ ብለው የሜትር ጫፍ ግድግዳ ላይ ተጭነው እንዲይዙ ተደረጉ። ጋሽ ያዝልኝ "እንዳይነቃነቁ" አላቸውና እርሳስ ሊያመጣ ሄደ። እርሳሱ ቤት አልነበረም። ሱቅ ወረደ። ሱቁ በር ላይ ቧንቧ የፈነዳበት ሰው አገኘ። መምህሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ ግድግዳውን ተደግፈው ቆዩ። በኋላ "ለምን አልለቀቁትም?" ቢባሉ "እንዳይነቃነቁ ተብያለሁ" አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው የተናገሩትን ቃል ሲነገራቸው እምቢ ማለት ከብዷቸው ኖሯል።

መብራት ሊቆርጥ የመጣው ሠራተኛ ደግሞ ገና ወረቀቱን ከኪሱ ሳያወጣ የእጅ ባትሪ ተሰጠው። "ወንድሜ፣ እዚች ጋ አብራልኝ። ወደ ግራ። የኔን ግራ።" ሲባል ቆይቶ የወጥ ቤቱን ቧንቧ አብሮ ጠግኖ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ መርቆ ሄደ። የመጣበት ጉዳይ ትዝ ያለው በማግስቱ ነው። በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ መሰላል ያዘ።

እነዚህ ግን አላፊ አግዳሚ ያዦች ናቸው። ዋና ያዥ የሚባል ማዕረግ ካለ የሚገባው ለባለቤቱ፣ ለልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያዘች። በግራ እጇ ባትሪ እያበራችለት በቀኟ ድስት ስታማስል ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ አይታለች። ሳታየው ነበር የምታበራለት፤ ብርሃኑ ግን ከሚፈለግበት ቦታ ዝንፍ አይልም። ልብስ ሰፊዋ ራሷ ያን ጊዜ ተጠባባቂ ያዥ ብቻ ነበረች፤ ታላቂቱ ሰው ልትጠይቅ ስትሄድ ወይም ጉንፋን ሲይዛት ትጠራለች፤ እያጉረመረመች ትመጣለች፤ ይዛ ትሄዳለች።

እህቷ ታማ ሐኪም ቤት በተኛች ጊዜ እንኳ ጋሽ ያዝልኝ የአልጋዋ አንድ ጎማ እንደሚወላገድ አየ። ከኪሱ የቡሎን ቁልፍ አወጣ። ሊያያት የገባውን ሐኪም ቀና ብሎ ተመለከተና "ዶክተር፣ እስቲ ይችን ጥግ ለአንዲት ደቂቃ ከፍ አድርገው ይያዙልኝ" አለ። ሐኪሙ ወደ ታማሚዋ ዞረ።

"ይያዙለት ዶክተር" አለች በዚያች በደከመች ድምፅ። "ካልያዙለት ሌላ ታማሚ ጋ አይደርሱም።"

ሐኪሙ ያዘ። አልጋው ተስተካከለ። እሷ ክረምቱ ሳይገባ አረፈች።

ልብስ ሰፊዋም ከተጠባባቂነት ወደ ዋና ያዥነት ከፍ አለች። የሹመት ደብዳቤ አልደረሳትም። የደረሳት ክላክስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ያዝልኝ ከጋብቻው በዕድሜ የምትበልጥ ፒክአፕ አለችው። አፍንጫዋ ክብ ነው፤ መብራቶቿ እንደተገረመ ሰው ዓይን የፈጠጡ ናቸው፤ ቀለሟ በአንድ ዘመን ቀይ ነበር። እንዲህ ዓይነቷን አሁን አሁን አስጊጠው ፎቶ የሚነሡባት ሰዎች አሉ። እሱ ቧንቧ ይጭንባታል። ሁሉ ነገሯ ደህና ነው፤ የእጅ ፍሬን ብቻ የላትም። ሲገዛትም አልነበራትም፤ የቀድሞው ባለቤት ነቅሎ ምን እንዳደረገበት እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። የጋሽ ያዝልኝ ቤት ደግሞ ዳገት ወገብ ላይ ነው። ማርሽ አስገብቶ እንዳይተዋት ሞተሯ አርጅቷል፤ ክብደቷን አይችልም፤ እያቃሰተች ቁልቁል ትንፏቀቃለች።

ስለዚህ ለሠላሳ አንድ ዓመት የፒክአፗ የእጅ ፍሬን ሚስቱ ነበረች። ቤት ሲደርሱ እሱ የእግር ፍሬኑን ተጭኖ ይቀመጣል። እሷ በወዲያ በኩል በሩን ከፍታ ትወርዳለች፤ ሾፌሮች ታኮ የሚሉትን ድንጋይ ከመንገዱ ዳር አንስታ ከኋላ ጎማ ሥር ትሸጉጣለች፤ በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች፤ ከዚያ "በቃ" ትላለች። እሷ "በቃ" ሳትል እሱ እግሩን አንስቶ አያውቅም። ሥራ ሲሄድም አብራው ትሄድ ነበር። ጎረቤቱ "እንዴት ቢዋደዱ ነው" ይላል። መዋደዱም አለ፤ ዳገቱም ግን የራሱ ድርሻ ነበረው።

"ፍሬኑን ለምን አታስገጥምላትም?" ሲሉት "እናስገጥማለን" ይል ነበር። አስቸኳይ አልነበረም። ፍሬን ያለው ሰው ፍሬን አይገዛም።

ከሐዘኑ በኋላ ጋሽ ያዝልኝ ወደ ሥራው ተመለሰና ማምሻውን ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ እግሩን ፍሬን ላይ እንዳደረገ ቀረ። ቢወርድ መኪናዋ ትሄዳለች። ባይወርድ እራቱን እዚያው ሊበላ ነው። ሁለት ጊዜ ክላክስ ነፋ። ሁለት ቤት ዝቅ ብላ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ወጣች፣ ታኮውን አደረገች፣ "በቃ" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማምሻው ሁለት ጊዜ ክላክስ ይነፋል። አንድ ቀን ክር ልትገዛ ወጥታ አርባ ደቂቃ ቆየች። ስትመለስ ጋሽ ያዝልኝ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ጎረቤት በመስኮት ሻይ አቀብላዋለች፤ ጡረተኛው መምህር ጋዜጣ እያነበቡለት ነው።

"ሌላ ሰው አይጠራም እንዴ?" አለች።

"መምህሩ ጎንበስ ማለት አይችሉም፤ ወገባቸውን ነው" አለ። "ሻይ ያመጣችው ደግሞ 'በቃ' ያለችው ድንጋዩ ከጎማው አንድ ክንድ ርቆ ነው።"

እንዲህ ዓሥር ወር ሄደ። ከዚያ ጋሽ ያዝልኝ ሰው ላለማስቸገር ብልሃት ዘየደ፤ የእግር ፍሬኑንና ወንበሩን በጣውላ ወጥሮ ወረደ። ጣውላው ስድሳ እስኪቆጠር ድረስ ቻለ። ከዚያ ፒክአፗ ባዶዋን፣ በጨዋ ደንብ፣ ቀስ ብላ ቁልቁል ወረደች፤ ሰው ሳትነካ፣ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ጀርባዋን ቀብራ ቆመች። ያን ቀን አሸዋው ባይኖር ከሥሩ የዳቦ መሸጫው ሰልፍ ነበር።

ወሬው ሌላ ከተማ ያለችው ልጁ ዘንድ ደረሰ። ልጅቱ ለአክስቷ፣ ለልብስ ሰፊዋ ደወለች። "አክስቴ፣ እኔ እንቅልፍ የለኝም። መኪናዋ ትሸጥና አባቴ እኔ ጋ ይምጣ። ምን ትያለሽ?" ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ አንድ እግሯ የስፌት መኪናው ላይ፣ ጆሮዋ ክላክሱ ላይ ነበር። "ይምጣ" አለች። "ይሻለዋል።"

ልጅቱም ለአባቷ ቁርጡን ነገረችው። ሰኞ ገዢ ይመጣል። እስከዚያ ዳገቱ ላይ ብቻውን አቁሞ ብቻውን መውረድ ከቻለ እሷም አፏን ትይዛለች፤ ካልቻለ ፒክአፗ ለገዢው፣ እሱ ልጁ ለምትኖርበት አራተኛ ፎቅ። አራተኛ ፎቁን አንድ ጊዜ አይቶታል። ቧንቧው በሙሉ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ የሚንጠባጠብ ነገር የለም፤ በሩ እንኳ አይንጫረርም። ሁለት ቀን ተቀምጦ እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ተመልሷል።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የልብስ ሰፊዋ በር ተንኳኳ። ክብር ይግባውና ጋሽ ያዝልኝ በክንዱ የተጠመጠመ የብረት ገመድ፣ በእጁ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ያመጣው የእጅ ፍሬን ማንሻ ይዞ ቆሟል።

"እህቴ፣ ለአንዲት ደቂቃ..."

"ሃያ ሁለት የተማሪ ዩኒፎርም አለብኝ፤ ለሰኞ ነው" አለች።

"የኔም ለሰኞ ነው" አለ።

ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

የእጅ ፍሬን መግጠም በባሕርዩ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ይሄን ጋሽ ያዝልኝ አልፈጠረውም። አንዱ ከላይ ቡሎኑን ይይዛል፤ ሌላው ከሥር ዳዶውን ያጠብቃል። አንዱ ከላይ ማንሻውን ይስባል፤ ሌላው ከሥር ገመዱ ወደ ኋላ ጎማዎቹ መወጠር አለመወጠሩን ያያል። ፒክአፗ ደጁ ላይ በታኮዋ ቆማለች። የሾፌሩ ወንበር በዕቃ ሣጥኑና በገመዱ ተይዟል። ልብስ ሰፊዋ ዞራ እህቷ ትገባበት በነበረው በር ገባችና እህቷ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጠች። ማናቸውም አላሰቡበትም።

"ማንሻው የሚያርፍበትን ቦታ አንቺ ምልክት አድርጊ" አላት። "ልክ መውሰድ ሥራሽ ነው። እጅሽ ሲወርድ ሳትንጠራሪ የሚደርስበት።"

ልክ መውሰድ ሥራዋ ስለሆነ በደንብ ወሰደች። ትከሻዋን ለቀቀች፣ እጇን ጣለች፣ ጣቶቿ የነኩትን ቦታ በልብስ ሰፊ ጠመኔ አራት ነጥብ አደረገችበት። አንድ ጊዜ ተነሥታ ተቀምጣ ደገመችው። ያው ነው። ጋሽ ያዝልኝ በትራፓኖ አራቱን ነጥብ በሳና ከሥር ገባ።

ከዚያ የተለመደው መጣ። "ያዢ።" "ይዣለሁ።" "ልቀቂ።" "ለቅቄያለሁ።" "ያዢ እንጂ።" "ልቀቂ አልከኝ እኮ።" የጋቢናው ወለል መካከል ዝገት የበላው፣ ስኒ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው አንድ ዓይን ይታያታል።

"ጋሼ፣ ዓይንህ እያየኝ ነው።"

"ላየው የፈለግሁት ቡሎኑን ነው፤ አንቺ መሐል ገብተሽ ነው።"

ሁለተኛው ቡሎን ላይ ዓይኑ ከቀዳዳው ጠፋ። ድምፁ ብቻ መጣ።

"ልጄ ይሄን ነገር ለብቻዋ አላሰበችውም። ያቺ ልጅ ጫማ ለመግዛት ሦስት ወር ነው የሚፈጅባት። ይሄን በሳምንት ወሰነች። የመከራት ሰው አለ።"

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን እንደያዘች ወደ መንገዱ አየች። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም።

"እኔ ነኝ" አለች።

ከሥር የሚዞረው ቁልፍ ቆመ።

"ምን አልሽ?"

"ሰምተሃል። ጠየቀችኝ፤ ይሻለዋል አልኳት።"

"ለማን ነው የሚሻለው?"

"ለኔ።" ይሄንን ለመናገር ያሰበች አይመስላትም፤ አንዴ ከወጣ ግን ቀጠለች። "ደክሞኛል ጋሼ። ድንጋዩ አይደለም፤ ድንጋዩስ ስንት ኪሎ ነው። ክላክሱን በሰማሁ ቁጥር እህቴ ከበሩ የምትወጣ ይመስለኛል። ከዚያ የምወጣው እኔ ሆኜ እገኛለሁ።"

ከመኪናዋ ሥር እግሮቹ ብቻ ይታያሉ፤ የአንዱ ጫማ ክር ተፈቷል። አንድ ሰው ሰላምታ ሰጥቷቸው አለፈ። ልብስ ሰፊዋ መለሰችለት።

"ቡሎኑን አጥብቀሽ ያዢው" አለ በመጨረሻ። "አብሮ እየዞረ ነው።"

አጥብቃ ያዘችው።

ስምንት ሰዓት ላይ አራቱም ቡሎኖች ታሰሩ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ የፍሬን ሸራው ተስተካከለ። ጋሽ ያዝልኝ ከግንባሩ እስከ ጉልበቱ ግራሶ ሆኖ ወጣና ሾፌር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የእግር ፍሬኑን ተጫነ። ልብስ ሰፊዋ ወርዳ ታኮውን አነሣች፤ ተመልሳ ገባች፤ በሩን ዘጋች።

"ሳቢ።"

ሳበች። ማንሻው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። እሱ እግሩን አነሣ። ፒክአፗ ንቅንቅ አላለችም።

ጡረተኛው መምህር ከአጥራቸው ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆይተው "ቆመች እኮ" አሉ፤ የተማሪን ውጤት እንደሚናገር ሰው። ጋሽ ያዝልኝ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ዓሥር ወር ሙሉ ያላየችውን ሳቅ ሳቀ። በዚህ መካከል የልብስ ሰፊዋ ስልክ ጠራ። ልጅቱ ነች፤ ፍሬን እየገጠሙ መሆኑን ሰምታለች።

"ያዘ ወይ አክስቴ?"

"ያዘ። እኔው ራሴ ስቤው ነው፤ ግጥም አድርጎ ያዘ።"

"ማን ነው የሳበው?"

"እኔ።"

"አባቴ ለብቻው ሲሆንስ?"

ልብስ ሰፊዋ ማንሻውን አየችው። በቀኝ እጇ ነው የያዘችው። ማንሻው ከቀኝ ጭኗ ወዲያ፣ ከእሷ በር አጠገብ፣ በእሷ ክንድ ልክ፣ ያለምንም እንከን ቆሟል። ጋሽ ያዝልኝም አየው። ከጠዋት ጀምሮ አምስት ሰዓት ሙሉ ሁለት አዋቂ ሰዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከሥር፣ የፒክአፗን የእጅ ፍሬን ከሾፌሩ በተቃራኒው በር ሥር ሲገጥሙ ውለዋል። ፍሬኑ ድሮም የሚመጣው ከዚያ በር ነበርና አንዳቸውም እንግዳ አልሆነባቸውም።

"ቆይ፣ እደርስበታለሁ" አለ ጋሽ ያዝልኝ።

ልብስ ሰፊዋ፣ እሱ ፍሬኑን እንደተጫነ፣ ማንሻውን አወረደችና ወረደችለት። እሱ ግራ እግሩን ፍሬኑ ላይ ትቶ ወንበሩ ላይ በጎኑ ተጋደመ። አልደረሰም። ትንሽ ተሳበ። ጣቶቹ ማንሻውን ነኩ፤ እግሩ ፍሬኑን ለቀቀ። ፒክአፗ አቃሰተችና አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ በተከፈተው በር እጇን ሰድዳ ማንሻውን ቀጭ አደረገችው።

"እኔ ልይዝለት እችላለሁ" አሉ መምህሩ ከአጥሩ ላይ። "ይሄስ መጎንበስ የለውም።"

ጋሽ ያዝልኝ እንደተጋደመ ቀረ። የጋቢናውን ጣሪያ እያየ ነበር የተናገረው።

"በቃ፣ ሰኞ ይምጣ ሰውየው። እኔም ደክሞኛል።"

ልብስ ሰፊዋ የፈለገችው ይሄንኑ ነበር። ለልጅቱ አንድ ቃል ብትናገር ያልቅ ነበር፤ ክላክሱም፣ ድንጋዩም፣ "ያዢ ልቀቂ"ውም። ሃያ ሁለቱ ዩኒፎርሞችም ይጠብቋታል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የተጋደመውን ሰው አየች፤ የተፈታ የጫማ ክሩን አየች። ከነገ ወዲያ ይሄ ሰው እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ይቀመጣል። ከእህቷ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረ፣ እህቷ እንዴት እንደምታስነጥስ፣ ሲደክማት ምን እንደምትል የሚያውቅ፣ ሰፈሩ ውስጥ ከራሷ ሌላ የቀረ ሰው እሱ ብቻ ነው።

"መልሼ እደውልልሻለሁ" አለችና ዘጋች። "ጋሼ፣ ቀና በል።"

"ለምን?"

"በራሴ ልክ ቆርጬው ነው። ይተረተራል። ቀና ብለህ ተቀመጥ።"

ከአንገቷ ሜትሯን አወረደች። "እግርህን ፍሬን ላይ አድርግ። እንዲያ አይደለም፤ እንደምትነዳ ሁን። ትከሻህን ልቀቀው። ልቀቀው አልኩህ፤ ሱሪ ስለካህም እንዲሁ ነው የምትገተረው። እጅህን ጣል።" ጣለ። ከወንበሩ መካከል፣ ከእሱ ቀኝ ጎን፣ ጣቶቹ ባረፉበት ቦታ አራት ነጥብ በጠመኔ አደረገች። አስነሥታ አስቀምጣ ደገመችው።

"ዩኒፎርሙስ?" አለ።

"እሱን ለኔ ተወው" አለች ታኮውን ከጎማው ሥር እየመለሰች። "ከሥር ግባ።"

ገባ። አራቱ ቡሎኖች ተፈቱ። አዲስ አራት ቀዳዳ ተበሳ፤ የድሮዎቹ አራቱ እንዳሉ ቀሩ፤ በእነሱም አስፋልቱ ይታያል። ገመዱ አጠረ፤ በመጋጠሚያ ተቀጠለ። "ያዢ" አለ። ያዘች። "ልቀቂ" አለ። ለቀቀች። ጣቷ ተላጠ። መምህሩ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ሁለቱም የጠዋቱን ነገር አላነሡም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስተኛው ቡሎን ላይ፣ ከቀዳዳው ሥር ድምፅ መጣ።

"ክላክሱን እኔም አልወደውም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች።

ዓሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረሱ። ልብስ ሰፊዋ ታኮውን አነሣችና ተመልሳ በወዲያኛው ወንበር ተቀመጠች፤ ጭነት ስላልነበረ "ክብደት ልሁንላት" ብላ ነው። እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ለልጅቱ ደውላ ስልኩን ክፍት አድርጋ አስቀመጠችው።

ጋሽ ያዝልኝ በራሱ ቀኝ እጅ ማንሻውን ሳበ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እግሩን፣ ከተኛ ሕፃን አጠገብ እንደሚነሣ ሰው፣ በቀስታ አነሣ። ጠበቀ። በሩን ከፈተ። አንድ እግሩን አወረደ፤ ጠበቀ፤ ሌላውን አወረደ። መንገዱ ላይ ቆሞ ብትመጣ ሊመልሳት የተዘጋጀ ይመስል ሁለት እጆቹን ወደ ፒክአፗ ዘረጋ። ፒክአፗ አልመጣችም። ቆማለች።

"ምን ሆነ?" አለች ልጅቱ በስልኩ።

"ወረደ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"መኪናዋስ?"

"ቆማለች።"

"አንቺ ምንም አልያዝሽም?"

"ምንም።"

ልጅቱ በረጅሙ ተነፈሰች። "እሺ። ለገዢው እነግረዋለሁ።" ከዚያ "አክስቴ፣ ይምጣ ያልሽው ደክሞሽ አልነበር?" አለች።

"አሁንም ደክሞኛል" አለችና ዘጋች።

ጋሽ ያዝልኝ በፒክአፗ አፍንጫ በኩል ሲዞር አየችው። የኋላ ጎማውን ሊያይ ነው ብላ አሰበች። እሱ ግን እሷ በር ጋ ሲደርስ ቆመና ከውጭ ከፈተላት።

"ምን ጎደለ?" አለች።

"ምንም። ውረጂ።"

"ከውስጥም ይከፈታል እኮ።"

"አውቃለሁ።" የሚያየው እሷን አልነበረም፤ መሬቱን ነበር። "ለእህትሽ አንድ ቀን ከፍቼላት አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትወርድ ያየኋት ከጀርባዋ ነው። እግሬ ፍሬን ላይ ነበር።"

ልብስ ሰፊዋ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህች መኪና ለመውረድ ስትጣደፍ ነው የዋለችው፤ ቀኝ እግሯ ደንዝዟል፤ ቤቷ ሃያ ሁለት ዩኒፎርም ተከምሯል። አሁን ግን አልቸኮለችም። ቀሚሷን አስተካከለች። እጇን ሰጠችው። አንድ እግሯን አወረደች፤ ትንሽ ቆየች፤ ሌላውን አወረደች።

እሱም እስክትወርድ ድረስ በሩን ይዞ ቆመ።